የማይታጠበው አንገት

ማክሰኞ ነበር፤ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ሰዓቱን የማስታውሰው የክሊኒኩን መዝገብ ከፍቼ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፌ፣ ከሥሩ በማስመሪያ ሁለት ጊዜ ስላሰመርሁበት ነው። አንድም በሽተኛ ገና አልመጣም። አብሮኝ የሚሠራው ጤና ረዳት በሩን ተደግፎ ሲያየኝ ቆየና፣ «ዶክተሬ፣ መስመሩስ ድኗል፤ አሁን ሰው እናክም?» አለኝ።

ዶክተር አልነበርሁም። የሕክምና ትምህርት ሦስተኛ ዓመት እንደጨረስሁ ለሰፈራው ዘመቻ ወደ አሶሳ የተላክሁ ሴት ተማሪ ነበርሁ። ጓደኞቼ ቀርከሃ እየቆረጡ ለሰፋሪው ጎጆ ይሠራሉ፤ እኔ ክሊኒክ ተመደብሁ። ክሊኒኩም ቢሆን ያው የቀርከሃ ጎጆ ነው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ አልጋ፣ አንድ መደርደሪያ። የሚያስተዳድረው በእውነቱ ጤና ረዳቱ ነበር። የወለጋ ሰው ነው፤ አርባ ዓመት ያለፈው፣ የቤተ ክርስቲያኑን መዝሙር የመንደሩ ካድሬ እንዳይሰማው በአፍንጫው ብቻ የሚያዜም። «ጋሼ» እለው ነበር፤ እሱ ደግሞ ማዕረጉን ሳልይዘው «ዶክተሬ» እያለ ያሾፍብኛል። ከበሽተኛ ጋር ዓይን ለዓይን ተያይቼ መናገር እንደሚከብደኝ በሦስተኛው ቀን ገብቶታል። ከጋራው ወጥ ቤት ሳህን ይዤ መሰለፉን እንኳ ስለማፍር፣ ምግቤን ጧትና ማታ እሱ ነበር የሚያመጣልኝ።

የዚያን ቀን መጀመሪያ የገባችው አንዲት የወሎ እናት ናት። ጡት የሚጠባ ልጅ አዝላለች፤ ስምንት ዓመት የሚሆናትን ሴት ልጇን ደግሞ በክንዷ ይዛለች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። የልጅቷን ሻሽ ከአንገቷ ፈታችና፣ «እዪው። እጠቢው ብቻ እንዳትይኝ» አለች።

አየሁት። ከጆሮዋ ሥር ጀምሮ እስከ ማጅራቷ ድረስ፣ ጠቆር ያለ ቡናማ፣ ሻካራ ነገር እንደ አንገትጌ ዞሮባታል። ደርቆ የተሰነጣጠቀ ጭቃ ይመስላል። የቀረው ገላዋ ግን ንጹሕ ነው። በዚያ ቀይ አፈር አገር እግሯ ከእኔ እግር ይጸዳ ነበር።

እናትየዋ ነገሩን ቆማ ነገረችኝ። በመንደሩ የንጽሕና ኮሚቴ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆችን በእርሻ መሣሪያ ቤቱ ፊት አሰልፎ ጥፍር፣ ጆሮና አንገት ያያል። ልጇ ቆሽሻ የተገኘች እናት በሯ ላይ ጥቁር ጨርቅ ይሰቀልባታል። መጀመሪያ ቀይ ይሁን ተብሎ ነበር አሉ፤ በኋላ ግን ቀይ የአብዮቱ ቀለም ነው፣ ለቆሻሻ አይሆንም ተብሎ ቀረ። በዚች እናት በር ላይ ጨርቁ ሦስት ቅዳሜ በተከታታይ ተሰቅሏል። ሦስት ጊዜ የተሰቀለባት ደግሞ እሑድ ሕዝብ ፊት ትገመገማለች።

ችግሩ ግምገማው ብቻ ቢሆን ትችለው ነበር። ሥራዋ በጋራው ወጥ ቤት ነው፤ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ ገንፎ ታገነፋለች። የልጇን አንገት ያላጠበች ሴት የሕዝብ ድስት አትነካም፤ ጫካ ወደሚመነጠርበት ወደ ምንጣሮ ትሂድ የሚል ሐሳብ ቀርቦባታል። ምንጣሮው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ሕፃን ይዞ አይኬድም፤ ሕፃኑ ደግሞ ከጡት ሌላ ገና የቀመሰው የለም።

«ቀኑን ሙሉ ማን ያጠባልኛል?» አለችኝ። ድምፅዋ የተለወጠው ይህን ስትል ብቻ ነበር።

ያላጠበችበት ነገር አልነበረም። በሳሙና፣ በእንዶድ፣ በአመድ፤ በመጨረሻም በበቆሎ ቆረቆንዳ ፈትጋታለች። በቆረቆንዳው የተነካው የግራው ጎን ተልጦ ቀልቷል፤ ጭቃ መሳዩ ግን እንዳለ ነው።

እኔ አንገቱን እያየሁ በሐሳቤ የመጽሐፍ ገጽ እገልጣለሁ። በቆሎ ብቻ የሚበሉ ሰዎች፤ በአንገት ዙሪያ እንደ ሐብል የሚወጣ ጥቁረት፤ ፔላግራ የሚባለው የቪታሚን እጦት። ለመናገር ያሳፍራል እንጂ ደስ አለኝ። በክፍል ውስጥ በሥዕል ብቻ ያየሁት ነገር ራሱ በእግሩ ወደ እኔ የመጣ መሰለኝ። ፔላግራ ከሆነ ምላስ ይቆስላል። ስለዚህ፣ በተቻለኝ መጠን እንደ ሐኪም ድምፄን አወፍሬ፣ ልጅቷን ምላስሽን አውጪ አልኋት።

ልጅቷ ወደ እናቷ ቀና ብላ፣ «እሱም ቆሽሿል?» አለች።

ምላሷ የጤነኛ ልጅ ምላስ ነበር። ተቅማጥ የለ፣ የእጆቿ ቆዳ ደህና፣ ዓይኗ ብሩህ። ጤና ረዳቱ ጠጋ ብሎ፣ እናትየዋ እንዳትሰማ በሹክሹክታ፣ በዚህ መንደር በቆሎ የማይበላ ሰው እንደሌለ፣ እሱም እኔም ካድሬውም እንደምንበላ፣ በሽታው ከሁላችን መካከል የአንዲት ልጅ አንገት ብቻ ለምን እንደመረጠ ጠየቀኝ። መልስ ሲጠፋኝ ደግሞ የባሰ ጠንቃቃ እሆናለሁ። የቪታሚን ክኒን ቆጥሬ ሰጠሁ፤ ከዚያም እስክሪብቶዬን አውጥቼ የጥቁረቱን ዳር ተከትዬ በሰማያዊ መስመር ዙሪያውን ከበብሁት። እየሰፋ ይሁን እየጠበበ ሐሙስ ስትመለስ በመስመሩ እንለያለን ብዬ ለእናትየዋ አስረዳኋት። ጨዋ ስለሆነች አልሳቀችም። ጤና ረዳቱ ግን ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዙሮ ብልቃጥ የሚፈልግ መሰለ።

ሐሙስ ተመለሱ። ጥቁረቱ አልሰፋም፣ አልጠበበም። አዲስ ነገር ቢኖር፣ አሁን የማይለቀው ነገር ሁለት መሆኑ ነው። እናትየዋ ሳሙናዋን ይዛ የእኔንም መስመር ስትታገለው ሰንብታለች። የሰፈሩ ልጆች ልጅቷን «ካርታ» ብለው ሰይመዋታል። እሷም አኩርፋ ነበርና፣ አንድ ቃል ሳልናገር ገና ስታየኝ ምላሷን እስከ አገጯ ድረስ አውጥታ ቆመች።

ጤና ረዳቱ ሳቁን መያዝ አቃተው። «ነይ እናቴ፣ እኔ ካርታውን ላጥፋልሽ» አላት። ጥጥ በአልኮል አርሶ፣ ያልተላጠውን የቀኝ ጎን መርጦ መስመሩን ይጠርግ ጀመር። እኔ ባፍረቴ መዝገቡ ላይ አቀርቅሬአለሁ። ጥቂት ቆይቶ በአፍንጫው የሚያዜመው መዝሙር ሲቋረጥ ተሰማኝ።

«ዶክተሬ፣ እስቲ ነይ።»

ጥጡ ላይ ሰማያዊ ቀለም አለ። ከሰማያዊው ይልቅ ግን ቡናማው ይበዛል። ጥጡ ያለፈበት ቦታ ሁለት ጣት በሚያህል ስፋት እንደ ጉንጯ ያለ ለስላሳ፣ የጠራ ቆዳ ወጥቷል። ጥጡን ተቀብዬ እኔም ሞከርሁ። እንደገና ቡናማ፤ እንደገና የጠራ ቆዳ። በሳሙና ሞከርሁ፤ ምንም። በአልኮል፤ ለቀቀ። ፔላግራ በጥጥ ተጠርጎ አይወጣም፤ ይህን ለማወቅ ሦስት ዓመት መማር አያስፈልግም።

የነገሩን ስም ያኔ አላውቅም። ስም እንዳለው ያነበብሁት ከዓመታት በኋላ ነው። በየቀኑ ሳናየው ከላያችን መርገፍ የሚገባው ያረጀ ቆዳ አንዳንድ ልጅ ላይ ሳይረግፍ ይቀርና፣ ተደራርቦና ጠቁሮ እድፍ ይመስላል። ውኃና ሳሙና አያላቅቁትም፤ አልኮል ያላቅቀዋል። አይተላለፍም፣ አይጎዳም። ደህና አድርጋ የምታጥብ እናት ልጅ ላይም ይወጣል። መመርመሪያውም መድኃኒቱም ያው አንድ ጥጥ ነው። ያን ዕለት ይህን ሁሉ ባላውቅም፣ እድፍ አለመሆኑን ግን አየሁ።

ጤና ረዳቱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «መስመር ማስመር ጥቅም አለው ያልሽው እውነት ኖሯል» አለኝ። እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ ግን አልካድሁም።

እናትየዋ ይህን ጊዜ ተቀመጠች። ከማክሰኞ ጀምሮ እግሯ ሲያርፍ ያየሁት ያኔ ነው። የጠራውን ቦታ በአውራ ጣቷ ደባበሰችው፤ ሸተተችው። የቀረውን ልንጠርግ ጥጥ ስናነሣ ግን እጄን ያዘችኝ።

«ተዉት። እንዲህ ይቆይ።»

ግራ ገባን። እሷ ግን ከሁለታችን ይልቅ መንደሩን ታውቀዋለች። «እሑድ ጠርታ ብትቀርብ ‹ይኸው ስትፈራ አጠበቻት› ነው የሚሉኝ። ድሮም ይለቅ ነበር፣ ሰነፍ ናት ይሉኛል። የሚለቅም ከሆነ እነሱ ፊት ይልቀቅ። ሳሙናውንም እነሱ ይሞክሩት።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና፣ «አንቺ ትነግሪልኛለሽ፣ እቴ» አለች።

ጤና ረዳቱ እኔን አየኝ፤ እኔ ጣሪያውን አየሁ። እነሱ ፊት ማለት መንደሩ በሙሉ ማለት ነው።

ሌላም ችግር ነበር። አልኮሉ በጠርሙሱ ሥር ጠብታ ያህል ቀርቶ ለመርፌ የተቀመጠ ነው፤ መድኃኒት የሚያመጣው መኪና በዝናቡ ምክንያት ከባምባሲ ወዲህ ማለፍ አልቻለም። ጤና ረዳቱ እስከ ቅዳሜ እንድታገሠው ነገረኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጠርሙስ ይዞ መጣ። አረቄ ነው። በመንደሩ አረቄ ማውጣት በስብሰባ ተከልክሏል፤ ከየት አመጣኸው ብዬ አልጠየቅሁም፤ እሱም አልነገረኝም። እናትየዋም ተጠርታ መጥታለች። ጠርሙሱን ከብበን ቆምን፤ አንዲት ሙስሊም፣ አንድ ጴንጤ፣ አንዲት ደግሞ ጠላ እንኳ ተጎንጭታ የማታውቅ ተማሪ። ጠንካራ ይሁን ደካማ በምን እንወቀው? በመጨረሻ ጤና ረዳቱ ጥቂት በማንኪያ ቀድቶ ክብሪት ለኮሰበት። ሰማያዊ ነበልባል ቀጥ ብሎ ቆመ። ያወጣችው ሴትዮ ሙያ ያስመሰግናል አለ፤ ሴትየዋ ማን እንደሆነች ግን አሁንም አልተናገረም።

ከእናትየዋ የደበቅነው ነገር የለም። ምን እንደሆነ ነገርናት፤ ብትቀበለውም ባትቀበለውም መብቷ ነው አልናት። ጠርሙሱን አሸተተችና ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ፣ «አትጠጣው እንጂ ላንገቷስ ይሁን። ወዲያው አጥባታለሁ» አለችና፣ ከመጣች ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ ብላ፣ «ማጠቡን እንደሁ ለምጄዋለሁ» ብላ ጨመረች።

ያን ዕለት አራት ገጽ ንግግር ጻፍሁ። «ጓዶች፣ የሰው ቆዳ ዘወትር ራሱን የሚያድስ የአካል ክፍል ነው» ብሎ ይጀምራል። ጤና ረዳቱ ሁለት ገጽ አንብቦ መለሰልኝ፤ ቆዳው እስኪታደስ ሕዝቡ ቤቱ ይገባል አለኝ።

እሑድ ሕዝቡ ከትልቁ ማንጎ ሥር ተሰበሰበ። ካድሬው፣ ከእኔ ብዙም የማይበልጥ የከተማ ልጅ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ተቀምጧል። አጠገቡ የንጽሕና ኮሚቴው ሊቀ መንበር ናቸው፤ ደልደል ያሉ፣ ነጠላቸው እንደ ወተት የነጣ፣ በደጃቸው ቅጠል ወድቆ የማያድር እትዬ። ክፉ ሴት አልነበሩም። እድፍ የሚባል ነገር ሲያዩ ግን እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

ተራዬ ሲደርስ ተነሣሁ። «ጓዶች፣ የሰው ቆዳ...» ብዬ ስጀምር የገዛ ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ። ከኋላ አንዱ፣ «ዝንብ ናት የተናገረች?» አለ፤ ሕዝቡ ሳቀ። ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተከልሁ። ቀና ስል እናትየዋን አየኋት። ሕፃኑን ታጠባለች፤ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነው። ከእሷ ጎን ልጅቷ አንገቷ በቀኝ በኩል በትንሹ ጠርቶ፣ የቀረው እንደ ጠቆረ ቆማለች።

ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁት። ከክሊኒኩ ያመጣነውን ሳሙናና የሳህን ውኃ ይዤ በቀጥታ ወደ ሊቀ መንበሯ ሄድሁ። «እትዬ፣ እባክዎ እርስዎ ያጥቧት» አልኋቸው።

እጅጌያቸውን ሰብስበው ተነሡ። እንዲህ ያለውን ግብዣ እምቢ የሚሉ ሴት አልነበሩም። አሹ፤ አለቀለቁ፤ እንደገና አሹ። ላብ በግንባራቸው ወረደ። ልጅቷ ሰለቻትና ምላሷን አውጥታ ለሕዝቡ አሳየች። የሳህኑን ውኃ ካድሬው ተነሥቶ ተመለከተው፤ ሳሙና ብቻ ነበረበት። ሊቀ መንበሯ በዝግታ እጃቸውን አደረቁ። «አይለቅም» አሉ፤ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል።

ይህን ጊዜ ጤና ረዳቱ የጠርሙሱን ክዳን ከፈተ፤ እኔም ጥጡን ነከርሁ።

የማንጎው ጥላ ነፋስ የለውም። ሽታው ቀስ ብሎ፣ ረድፍ በረድፍ ወደ ኋላ ሄደ። በፊተኛው ረድፍ ያሉ ሽማግሌዎች ሲያንቀላፉ ቆይተው ቀና አሉ። እኔ አንገቷን መጥረግ ጀመርሁ፤ ቡናማው እየለቀቀ፣ ከሥሩ የጠራው ቆዳ እየወጣ መጣ። ሴቶቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ከሁሉ ይልቅ ፊታቸው የተለወጠው ግን ሊቀ መንበሯ ነበሩ። አንገቱን እያዩ አልነበረም፤ ጠርሙሱን ነው። ባለሙያ ሴት የእጇን ሥራ በጠረኑ ብቻ ታውቀዋለች። የዚያ ሰማያዊ ነበልባል ባለቤት ማን እንደሆነች ያኔ ገባኝ።

ካድሬው አፍንጫውን ነፋ አድርጎ፣ ይህ ሽታ ምንድን ነው ሲል ጠየቀ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮክ ብዬ መናገር የቻልሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

«አልኮል ነው፣ ጓድ።»

አልዋሸሁም።

«ከየት የመጣ?» አለ።

አፌን ከመክፈቴ በፊት ሊቀ መንበሯ ተነሡ። «ጓድ፣ ነገሩ ተጣርቷል። በእጄ አጥቤ አይቻለሁ፤ እድፍ አይደለም፣ የቆዳ ነገር ነው። ሴትዮዋ ከድስቷ አትነሣም። ጨርቁንም እኔው አወርደዋለሁ። ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ።» ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገሩት። ከኋላ ያው ቅድም የቀለደብኝ ድምፅ፣ እኛም አንገታችንን ያሳክከናል አለ። ካድሬው ሕዝቡ ለምን እንደሳቀ የገባው አልመሰለኝም፤ ወይም ገብቶት ዝም ብሎ ይሆናል። የሚቀጥለው አጀንዳ የአጥር ጉዳይ ነበር።

እናትየዋ ልጇን ይዛ ወደ ወንዙ ስትወርድ አየኋት። እንዳለችው፣ ልታጥባት ነው።

ክሊኒኩ ስንመለስ ደስታዬን ጤና ረዳቱ በአንድ ነገር አቀዘቀዘው። ከሦስት ሳምንት ወዲህ ብዙ ሰው ከእናትየዋ ድስት ሸሽቶ ወደ ሌላዋ አብሳይ ሰልፍ መዞሩን ነገረኝ። ስብሰባ ድስቱን ሊመልስላት ይችላል፤ ሰልፉን ግን አይመልስላትም። ድስቷ ሳይነካ እየተመለሰ ከቀጠለ፣ ያለ ግምገማም ቢሆን ወደ ምንጣሮ መሄዷ አይቀርም አለኝ።

በማግስቱ ሰኞ ጧት ጤና ረዳቱ ምግብ ሊያመጣልኝ ሳህኔን ሲያነሣ ከእጁ ተቀበልሁት። መዝሙሩን ትንሽ ከፍ አደረገው። ወጥ ቤቱ ደጃፍ ሁለት ሰልፍ አለ፤ የአንደኛው ጫፍ እስከ መሣሪያ ቤቱ ይደርሳል፣ በእሷ ፊት የቆሙት ግን አራት ሰዎች ናቸው። አምስተኛ ሆኜ ቆምሁ። የረጅሙ ሰልፍ ዓይን ሁሉ ጀርባዬ ላይ እንዳለ ይሰማኛል። ጆሮዬ ጋለ። አልሸሸሁም።

ከፊቷ ስደርስ ሳህኔን ዘረጋሁ። ጭልፋዋን ሞልታ አነሣችና፣ ሳትገለብጠው በአየር ላይ ያዘችው። ከጀርባዋ ልጅቷ ብቅ ብላ ታየኛለች፤ ሻሽ አላሰረችም።

«መጀመሪያ» አለች እናትየዋ፣ ረጅሙም ሰልፍ እንዲሰማ አድርጋ፣ «ምላስሽን አውጪ።»

አወጣሁ።